መዝገብ የሚያውቀውና ቤተሰብ የሚያውቀው

ድሬዳዋ የመንገደኞች ከተማ ናት። የባቡሩ ሐዲድ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ከዚህ ሥፍራ በደረሰ ጊዜ ከተማይቱ በጣቢያው ዙሪያ ተቈረቈረች፤ ከዚያም ወዲህ ሰው ከደጋውም ከቈላውም፣ ከባሕር ማዶም ሳይቀር እየመጣ በደቻቱ ወንዝ ወዲያና ወዲህ፣ በከዚራና በመጋላ ሰፈረባት። ስለዚህ እንግዳ መቀበል የከተማይቱ ጠባይ ነው። በአንድ ግቢ ብዙ ቤተሰብ ተከራይቶ ይኖራል፤ ሙቀቱ በበረታ ጊዜ ሰው ምንጣፉን ወደ ደጅ አውጥቶ ይተኛል፤ ልጆችም ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ቤት እንደ ልባቸው ይመላለሳሉ። ይህ መተማመን የሚመሰገን ነገር ነው። ነገር ግን ልጆች ያሏቸውን ወላጆች ሁሉ አንድ ጥያቄ ሳያስጨንቃቸው አይቀርም፤ ይኸውም «ከእኛ ጋር በአንድ አጥር ውስጥ የሚያድረው ሰው ማን ነው? ከዚህ በፊት ሕፃን ደፍሮ የተቀጣ ሰው ቢሆንስ በምን እናውቃለን?» የሚለው ነው።

ጥያቄው የድሬዳዋ ብቻ አይደለም። በ2015 ዓ.ም. በባሕር ዳር ከተማ አንዲት የ7 ዓመት ሕፃን ተደፍራ በተገደለች ጊዜ፣ በዳዩም 25 ዓመት እንደ ተፈረደበት በነሐሴ 2016 ዓ.ም. በሰፊው በተሰማ ጊዜ፣ አገሩ በሙሉ አዘነ፤ ፍርዱ አንሷል በማለትም ከ200,000 የሚበልጥ ሰው ፊርማውን አኖረ። እንዲህ ያለ ሐዘን በደረሰ ቍጥር «የእነዚህ ሰዎች ስም ተመዝግቦ ለሕዝብ ይነገር» የሚል ሐሳብ አብሮ ይነሣል። ሐሳቡ ከመልካም ልብ የመነጨ ስለ ሆነ በሚገባ ሊመረመር ይገባዋል። እንዲህ ያለው መዝገብ በሌሎች አገሮች ከጀመረ ብዙ ዘመን ሆኖታልና፣ ምን እንደሚችልና ምን እንደማይችል ከእነርሱ ልንማር እንችላለን።

መዝገቡ እንዴት ይሠራል?

በዚህ ነገር ቀዳሚ የሆነችው አሜሪካ ናት። የካሊፎርኒያ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1947 ባወጣችው ሕግ፣ በእንዲህ ያለ ወንጀል የተፈረደበት ሰው ከእሥር ከወጣ በኋላ የሚኖርበትን ቦታ ለፖሊስ እንዲያስመዘግብ አዘዘች። በዚያን ጊዜ መዝገቡ የፖሊስ መዝገብ ነበር እንጂ ሕዝብ የሚያየው አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1990 የዋሽንግተን ግዛት ስለ እነዚህ ሰዎች ለጎረቤት የሚነገርበትን ሥርዓት አቆመች። እ.ኤ.አ. በ1994 በኒው ጀርዚ ግዛት አንዲት የ7 ዓመት ልጅ ከዚህ ቀደም ሁለት ጊዜ በተቀጣ ጎረቤት እጅ ከተገደለች በኋላ፣ ወላጆችዋ «ብናውቅ ኖሮ ልጃችን ባልሞተች ነበር» ብለው አቤት ስላሉ፣ እ.ኤ.አ. በ1996 መንገሩ በአገሩ ሁሉ ግዴታ ሆነ።

እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው ሕግ ደግሞ ጥፋተኞቹን እንደ ጥፋታቸው ክብደት በ3 ደረጃ ከፈላቸው። የመጀመሪያው ደረጃ ለ15 ዓመት፣ ሁለተኛው ለ25 ዓመት፣ ሦስተኛው ለዕድሜ ልክ ይመዘገባል። የተመዘገበውም ሰው እንደየደረጃው በየዓመቱ፣ በየ6 ወሩ ወይም በየ3 ወሩ በአካል ቀርቦ መኖሪያውንና ሥራውን ያረጋግጣል፤ ቤት ወይም ሥራ የለወጠ እንደ ሆነም በ3 የሥራ ቀን ውስጥ ማስታወቅ አለበት። የብዙዎቹ ስምና ፎቶግራፍ ማንም ሰው ሊመለከተው በሚችል የኢንተርኔት ገጽ ላይ ይወጣል።

ሌሎች አገሮች በዚህ መንገድ አልሄዱም። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1997 መዝገብ ብታቆምም ጠባቂው ፖሊስ ነው፤ ለሕዝብም አይገለጥም። ነገር ግን እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በጥቂት ሥፍራ ተሞክሮ በኋላ በእንግሊዝና በዌልስ ሁሉ በተዘረጋው ሥርዓት፣ አንድ ወላጅ ወደ ልጁ ስለሚቀርብ ስለ አንድ ሰው ጠርጥሮ ፖሊስን ሊጠይቅ ይችላል። ፖሊስም መርምሮ አደጋ መኖሩን ቢያገኝ፣ ልጁን ሊጠብቅ ለሚችለው ሰው ብቻ ይነግረዋል። ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣችው ሕግ ያቆመችው መዝገብ ደግሞ በተለይ ለቀጣሪዎች የታሰበ ነው፤ ከልጆች ጋር የሚያውል ሥራ ላይ ሰው የሚቀጥር ሁሉ አስቀድሞ ስሙ በመዝገቡ መኖር አለመኖሩን እንዲጠይቅ ያስገድዳል። ናይጄሪያም እ.ኤ.አ. በ2019 ሕዝብ የሚመለከተው መዝገብ ከፍታለች።

መዝገቡ ምን ፈጸመ?

የብዙ ዓመት ልምድ ያስተማረው ነገር ወላጅን ሁሉ ሊያሳስብ የሚገባ ነው። የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተመው ጥናት፣ ለፖሊስ ከቀረቡት በልጆች ላይ ከተፈጸሙ በደሎች መካከል ከ100ው 34ቱን የፈጸመው የቤተሰብ አባል፣ 59ኙን የፈጸመው ቤተሰቡ ወይም ልጁ የሚያውቀው ሰው ነበር፤ በማይታወቅ ሰው የተፈጸመው 7 ብቻ ነው። እንግዲህ ከ100ው በ93ቱ በደለኛው ልጁ በስሙ የሚጠራው ሰው ነበር ማለት ነው። የባሕር ዳሩም ጥፋተኛ ቢሆን ከሩቅ የመጣ መንገደኛ ሳይሆን ቤተሰቡ የሚያውቀው ሰው ነበር።

ሁለተኛው ትምህርት ይህ ነው። ሕጉ በተነሣበት በኒው ጀርዚ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2008 የተደረገው ምርመራ፣ ስሙ ለሕዝብ መነገሩ ጥፋተኛው ዳግም እንዳይበድል ማገዱን የሚያሳይ ውጤት አላገኘም። እ.ኤ.አ. በ2011 ጥናታቸውን ያወጡ ሁለት ሊቃውንት ደግሞ ነገሩን ለይተው አቀረቡት፤ ሰውየው በፖሊስ ዘንድ መመዝገቡ በሚያውቃቸው ሰዎች ላይ የሚፈጸመውን ጥፋት የሚቀንስ መስሎ ታያቸው፤ ስሙ ለሕዝብ መበተኑ ግን አስቀድሞ የተቀጣውን ሰው ወደ ጥፋት መልሶ ሊገፋው እንደሚችል አመለከቱ። ምክንያቱም ቤት፣ ሥራና ዘመድ ያጣ ሰው ከእንግዲህ የሚፈራው ነገር ስለማይኖረው ነው።

ሦስተኛው የሕዝብ ቍጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 በእንግሊዝ አገር አንድ ጋዜጣ የእነዚህን ሰዎች ስምና ፎቶግራፍ ማተም በጀመረ ጊዜ ሁከት ተነሣ። በዌልስ የሕፃናት ሐኪም የሆነች አንዲት ሴት የሙያዋ መጠሪያ ከወንጀሉ ስም ጋር ስለሚቀራረብ ብቻ ቤትዋ በስድብ ጽሑፍ ተለቀለቀ፤ እርስዋም ቤትዋን ለቃ ሄደች። በችኮላ የተነገረ ስም ንጹሑን ከበደለኛው አይለይም።

በዚህም ምክንያት መዝገብ አያስፈልግም ማለት አይገባም። ከልጆች ጋር የሚውለውን ሰው አስቀድሞ ለማጣራት፣ ፖሊስም የት እንዳለ እንዲያውቅ ይረዳል። ዳሩ ግን መዝገብ የሚያውቀው ተከሶ፣ ተመስክሮበት፣ የተፈረደበትን ሰው ብቻ ነው። ያልተከሰሰውን አያውቅም፤ በዝምታ የተሸፈነውንም ከቶ ሊያውቀው አይችልም።

የእኛ ሕግ ያለው መሣሪያ

በ1996 ዓ.ም. ታውጆ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ በዚህ ረገድ ብርቱ ነው። ዕድሜያቸው ከ13 እስከ 18 ዓመት በሆኑ ልጆች ላይ የሚፈጸም የግብረ ሥጋ ድፍረት በአንቀጽ 626 መሠረት ከ3 እስከ 15 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እሥራት ያስቀጣል። 13 ዓመት ባልሞላት ሕፃን ላይ ሲፈጸም በአንቀጽ 627 ቅጣቱ ከ13 እስከ 25 ዓመት ነው። ወንድ ልጅንም ሕጉ አልዘነጋውም፤ 13 ዓመት ያልሞላውን ልጅ የደፈረ ወንድ በአንቀጽ 631 ከ15 እስከ 25 ዓመት ይቀጣል። ልጅዋ የበዳዩ ተማሪ፣ የሙያ ተለማማጅ፣ የቤት ሠራተኛ ወይም በአደራ የተሰጠችው ስትሆን ቅጣቱ ይከብዳል። ድፍረቱ በሕፃንዋ ላይ ከባድ የአካል ወይም የአእምሮ ጉዳት ወይም ሞት ያስከተለ እንደ ሆነም የዕድሜ ልክ ጽኑ እሥራት ያስፈርዳል።

ከእሥራቱ ሌላ ሕጉ ለዳኛው የጥንቃቄ እርምጃዎችን ሰጥቶታል። ዳኛው ጥፋተኛው ወደ ተወሰኑ ሥፍራዎች እንዳይገባ፣ በአንድ ቦታ እንዳይኖር ወይም በተወሰነ ቦታ ብቻ እንዲኖር፣ በጠባቂ ቍጥጥር ሥር እንዲቆይ ሊያዝ ይችላል። የወላጅነትን ሥልጣንና ሙያውን የመሥራትን መብት ሊነሣውም ይችላል። ፍርዱ በጋዜጣ እንዲወጣ ለማዘዝ የሚቻልበት ቦታ አለ፤ የተሰጠውም ፍርድ በጥፋተኛው የፖሊስ መዝገብ እንዲገባ ሕጉ ይደነግጋል። እንግዲህ የምዝገባና የማስታወቅ መሠረቱ በገዛ ሕጋችን ውስጥ ተቀምጧል ማለት ነው።

ደግሞ ማወቅ የሚገባን፣ የተፈረደበት ሰው አንድ ቀን የሚመለስ መሆኑን ነው። ጠባዩን ያሳመነ እሥረኛ ከቅጣቱ ከ3 እጅ 2ቱን እጅ ሲፈጽም በአመክሮ ሊለቀቅ ይችላል፤ ስለዚህ 15 ዓመት የተፈረደበት ሰው በ10 ዓመት ወደ ሰፈር ሊመለስ ይችላል። ጽኑ እሥራቱን ፈጽሞ 5 ዓመት በመልካም ጠባይ የኖረ ሰው ደግሞ ፍርድ ቤቱን ጠይቆ ለመሰየም፣ ማለትም ፍርዱ ከመዝገብ እንዲፋቅለት፣ ዕድል አለው። ከዚያ በኋላ የቀድሞ ፍርዱን በክፋት እያነሣ የሚሰድበውን ሰው ሕጉ ራሱ ይቀጣዋል። በአገራችን ሰፋ ያለ የምዝገባ ሕግ የሚያስብ ሁሉ ይህን ሚዛን ሊያስብበት ይገባል፤ ልጆችን መጠበቅና የተመለሰውን ሰው ለዘላለም አለመኰነን ሁለቱም የሕጉ ሐሳቦች ናቸውና።

የመዝገቡ በር

በድሬዳዋ የሚፈጸም እንዲህ ያለ ከባድ ወንጀል የሚታየው በከተማይቱ በሚያስችሉት የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ነው። ነገሩ በፖሊስ ይጀምራል፤ ፖሊስ መርምሮ ለዐቃቤ ሕግ ያቀርባል፤ ዐቃቤ ሕግ ይከሳል፤ ዳኛው ፍርድ ከሰጠ በኋላ ነው ስሙ ወደ መዝገብ የሚገባው። የዚህ ሁሉ በር ግን በቤተሰብ እጅ ነው። እናት ካላመለከተች፣ አያት «ዝም በሉ» ካለች፣ ጎረቤት ሰምቶ እንዳልሰማ ካለፈ፣ ከፖሊስ ጣቢያ እስከ ፍርድ ቤት ያለው መንገድ ሁሉ እንደ ተዘጋ ይቀራል።

በሩን የሚዘጉት ሦስት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ሽምግልና ነው። ሽምግልና የተጣላን የሚያስታርቅ ታላቅ ሥርዓት መሆኑ አይካድም፤ ስለ ድንበር፣ ስለ ብድር፣ ስለ ባልና ሚስት ጥል ሽማግሌ ቢቀመጥ ደግ ነው። በሕፃን ላይ የተፈጸመ ድፍረት ግን የሁለት ቤተሰብ ጠብ አይደለም። በደሉ የደረሰው በሕፃንዋ ነው፤ ለካሣ የሚቀመጡት ግን ትልልቆቹ ናቸው፤ እርስዋን «ታርቀሻልን?» ብሎ የሚጠይቃት የለም። በሕጉ ይህ ወንጀል በግል አቤቱታ ብቻ ከሚያስከስሱት ወንጀሎች ውስጥ ስላልሆነ፣ ሽማግሌዎች ቢጨርሱት እንኳ ክሱ አይቀርም። ከዚህም በላይ በእርቅ የተለቀቀው ሰው ስሙ በየትም አልተጻፈምና ሌላ ሰፈር ሄዶ ሌላ ልጅ ቢቀርብ የሚያውቀው አይኖርም።

ሁለተኛው ጋብቻ ነው። በ1949 ዓ.ም. በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ደፋሪው የተደፈረችውን ቢያገባ ክሱ የሚቀርበት ድንጋጌ ነበር። የ1996ቱ ሕግ ይህን አስወግዶታል። ዛሬም «ያግባትና ነገሩ ይለቅ» የሚል ሽማግሌ ቢኖር፣ የሚናገረው በሻረ ሕግ መሆኑን ይወቅ።

ሦስተኛው ኀፍረት ነው። «የቤት ገመና አይውጣ፤ ልጅዋ ነገ ማን ያገባታል?» ይባላል። በደሉን የሠራው ሌላ ሆኖ ሳለ ኀፍረቱን የምትሸከመው ልጅዋ መሆንዋ ፍርድ የጐደለው ነገር ነው። በዳዩ አጎት ወይም የክርስትና አባት ሲሆን ዝምታው ይበረታል። አንዳንዶች ሰውየው ንስሐ ገብቷል በማለት ነገሩን ሊሸፍኑ ይሻሉ። ንስሐ ለነፍሱ መልካም ነው፤ በሕግ ፊት ከመቅረብ ግን አያድነውም፤ የንስሐውም እውነተኛነት የሚታየው ቅጣቱን ተቀብሎ ከልጆች ሲርቅ ነው።

በቤት ውስጥ የሚሠራው ሥራ

ወላጆች ሆይ፣ ከመዝገብ በፊት የሚመጣው ጥበቃ በእናንተ ቤት ነው። ታኅሣሥ 19 ቀን ለቁልቢ ገብርኤል በዓል መንገደኛ በከተማችን ሲያልፍ፣ ዘመድና የዘመድ ወዳጅ በየቤቱ ሲያድር፣ ልጆች ከእንግዳ ጋር በአንድ ምንጣፍ እንዳይተኙ ማድረግ እንግዳን መናቅ አይደለም። በበጋ ሌሊት በደጅ ለሚተኙ ልጆችም ቦታቸው ከእናታቸው ወይም ከአባታቸው አጠገብ ይሁን። ከገጠር መጥታ በቤታችሁ የምታገለግለዋን ልጅ ደግሞ አትርሱ፤ እናትዋ ሩቅ ስለ ሆነች የሚሰማት የላትም፤ የምትተኛበት ክፍል መዝጊያ ያለው መሆኑ የእመቤቲቱ ኃላፊነት ነው።

ልጅ «ከጋሼ እገሌ ቤት አልሄድም» ሲል ባለጌ ነህ ብሎ ከመቈጣት ይልቅ ምክንያቱን በጸጥታ መጠየቅ ይሻላል። ሳይፈልግ እንዲስም ወይም በሰው ጭን እንዲቀመጥ አይገደድ። «ለእናትህ እንዳትነግር» የሚል ሰው ማንም ቢሆን ወዲያው መነገር ያለበት መሆኑን ከሕፃንነቱ ይማር።

ክፉው ነገር ደርሶ የተገኘ እንደ ሆነ ደግሞ ሰዓቱ ውድ ነው። ልጅዋን ሳያጥቡ፣ የለበሰችውን ልብስ ሳይታጠብ፣ በላስቲክ ሳይሆን በወረቀት ጠቅልለው፣ ወደ ድል ጮራ ወይም በአቅራቢያ ወዳለ ሆስፒታል መውሰድና ለፖሊስ ማመልከት ያስፈልጋል። በላስቲክ የታፈነ ልብስ በድሬዳዋ ሙቀት ይበላሻል፤ ማስረጃውም አብሮ ይጠፋል። በኤች አይ ቪ እንዳትያዝ የሚሰጠው መድኃኒት የሚጠቅመው በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው፤ ቢቻል በዚያው ቀን ይጀመር። ሰዓቱ ቢያልፍም ግን ከመሄድ መቅረት አይገባም፤ ሌላው ሕክምናና ምርመራው አሁንም ይጠቅማል። ልጅዋን ደጋግሞ መመርመርና ቃል በአፍዋ ማስገባት አይገባም፤ «አምንሻለሁ፤ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም» ማለት ይበቃል፤ የቀረውን ሙያው ያላቸው ይጠይቋት። ስምዋንና ፎቶግራፍዋን በኢንተርኔት መበተን ደግሞ በበደል ላይ በደል መጨመር ነው።

የትምህርት ቤትና የሰንበት ትምህርት ቤት አስተዳዳሪዎችም ድርሻ አላቸው። መምህር ወይም ጠባቂ ሲቀጥሩ ቀድሞ ይሠራበት ከነበረው ቦታ ለምን እንደ ወጣ ይጠይቁ፤ ከወንጀል ነጻ መሆኑን የሚያስረዳ የፖሊስ ማስረጃ እንዲያመጣ ያድርጉ፤ ከልጅ ጋር ብቻውን በተዘጋ ክፍል የሚውል ሰው እንዳይኖርም ሥርዓት ያቁሙ። አንድን አስተማሪ ጠርጥሮ «በሰላም ሂድ» ብሎ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ማሰናበት አደጋውን ለሌላ ሰው ልጆች ማስተላለፍ ነው።

ቅጣቱን ፈጽሞ የተመለሰ ሰው

እንዲህ ያለ ሰው ወደ ሰፈር ቢመለስ ምን ይደረጋል? ድንጋይ ማንሣት ሕግም አይፈቅደውም፤ ልጆችንም አይጠብቅም፤ የተባረረው ሰው ወደማይታወቅበት ሰፈር ይሄዳልና። ሠርቶ ይብላ፤ ሰላምታም አይነፈግ። ነገር ግን ሕፃን በአደራ አይሰጠው፤ የልጆች ጠባቂ ወይም አስተማሪ ሆኖ አይሾም፤ ፍርድ ቤቱ የከለከለውን ትእዛዝ ሲተላለፍ ያየ ለፖሊስ ያመልክት። በእውነት የተጸጸተ ሰው ይህን ጥንቃቄ እንደ ስድብ አይቈጥረውም።

ያልተረጋገጠ ወሬ ይዞ የሰው ስም ማጥፋት ደግሞ ሌላ ወንጀል ነው፤ ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሁሉ እስኪፈረድበት ድረስ እንደ ንጹሕ እንዲቈጠር ይደነግጋልና። የጠረጠረ ሰው ጥርጣሬውን በቡና ላይ ከማውራት ይልቅ መርምሮ ሊያጣራ ለሚችለው ለፖሊስ ያድርስ። ወንጀሉ በሞት ወይም በዕድሜ ልክ እሥራት የሚያስቀጣ ሲሆንማ፣ ዐውቆ ያለ በቂ ምክንያት አለማመልከት ራሱ በሕግ ያስቀጣል።

መንግሥት ነገ የተሟላና ሁሉ የሚያየው መዝገብ ቢዘረጋ እንኳ፣ መዝገቡ የሚጽፈው ከእኛ የሰማውን ብቻ ነው። ዛሬ በአንድ ግቢ ውስጥ አንዲት ልጅ በፍርሃት ዝም ብላ ተቀምጣ ሊሆን ይችላል፤ የበደላትን ሰው ስም እስከ አሁን የምታውቀው እርስዋ ብቻ ናት። ያን ስም ስትናገር የሚያምናትና እጅዋን ይዞ ወደ ሕግ የሚወስዳት ትልቅ ሰው በቤትዋ ሊገኝ ይገባል።